ላይብረሪው የተዘጋበት ሸለቆ

ሊንውድ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025

ለውድ ልጄ ለናፊሳ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ዝናቡስ በረደልሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ስለጠየቅሽኝ፣ ደረጃ ካላሳየሁት አይቆጣም። ሱቁም አለ። ሰው ግን ቅመም እንኳ በስልክ አዝዞ በሩ ላይ ማስጣል ለምዷል። ገብቶ ቁጭ ብሎ የሚያወራኝ ዘመድኩን ብቻ ነው፤ እሱም ጎረቤት ያለውን የጎማ ቤቱን ለሠራተኛ እየተወ ነው የሚመጣው።

ባለፈው ደብዳቤሽ ስለ ወንዙ ሙላት፣ ስለ ተከራየሽው ክፍል፣ አከራይሽ ስለምትጋግረው የፖም ኬክ በሰፊው ጽፈሻል። ስለ ሥራሽ ግን አንድ መስመር የለም። እኔም አልጠረጠርኩም። ትናንት ዘመድኩን ስልኩን ይዞ መጣና፣ "ሳሊሕ፣ ልጅህ ላይብረሪ የምትሠራበት አውራጃ ላይብረሪዎቹን ሊዘጋ ነው አሉ፤ ሰምተሃል?" አለኝ። "ሰምቻለሁ እንጂ" አልኩት። ልጁ የደበቀችው አባት ላለመባል በባዶ ሜዳ ዋሸሁ።

በስልክ የማልጠይቅሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያለሽበት ሸለቆ ውስጥ ሞባይል አይሠራም፤ በአከራይሽ የቤት ስልክ ኮል ስታደርጊ ደግሞ መልስሽ ሁልጊዜ "ደህና ነኝ አባ" ነው። ወረቀት ላይ ግን መሸፋፈን አይሆንልሽም። ስለዚህ እውነቱን በወረቀት ንገሪኝ።

ሌላው፣ የዘመድኩን ልጅ ኖላዊት ቤልቪው በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ሰነድ የሚያደራጅ ሰው ይፈልጋሉ። "ናፊሳ እሺ ካለች የኔ አለቃ ነገ ይቀጥራታል" ብላለች። ልገፋሽ አይደለም። በር መኖሩን እንድታውቂ ብዬ ነው።

አባትሽ ሳሊሕ


ኬለር ፎርክ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2025

ለተከበሩ አባቴ፣

ወአለይኩም ሰላም። ጉልበትዎ እንዳሉት ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ግን ያንን የመጋዘን መሰላል ለሌላ ሰው ይተዉት።

ከሰው አፍ እንዲሰሙ ስላደረግሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እውነት ነው። ያልነገርኩዎ፣ ብነግርዎ "ነይ" ይሉኛል፣ እኔም እመጣለሁ ብዬ ነው። የፈራሁት እርስዎን ሳይሆን መምጣቴን ነበር።

የሚዘጋው በእንጨት ምክንያት ነው። "ላይብረሪን ከእንጨት ጋር ምን አገናኘው?" ይሉኝ ይሆናል። እዚህ አገር አገናኝቶታል፣ አባ። በዙሪያችን ያለው ጫካ የመንግሥት ነው። ዛፍ ተቆርጦ ሲሸጥ ከሽያጩ ለትምህርት ቤቱ፣ ለክሊኒኩ፣ ለላይብረሪው ድርሻ ይሰጥ ነበር። ቆረጣው ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መጣ። የእንጨት መሰንጠቂያው ፋብሪካ ተዘጋ። ጉልበት ያለው አንዱ አላስካ ዓሣ ሊያጠምድ፣ አንዱ እናንተ ዘንድ ቤት ሊሠራ ሄደ። አሁን አውራጃው "ወይ የቤት ግብር ይጨመርና ላይብረሪዎቹ ይቀጥሉ፣ ወይ ይዘጉ፤ ሕዝቡ ይወስን" ብሏል። ድምፁ የሚሰጠው ኤፕሪል ውስጥ በፖስታ ነው።

የኔ ላይብረሪ አንድ ክፍል ነው። ሥራ ፈላጊው ማመልከቻውን የሚሞላው፣ ተማሪው የቤት ሥራውን የሚልከው እዚሁ ነው፤ በሸለቆው ውስጥ ኢንተርኔት የደረሰው ለኛ ብቻ ነውና። የቤቴ ባለቤት ኮራሊም በየቀኑ ትመጣለች። (ፈረንጅን አንቱ ማለት አፌ አልለመደም፤ አይቆጡኝ።) ባሏ ሮይ ፋብሪካው ውስጥ መጋዝ ላይ ሲሠራ ኖሮ ነው የሞተው። ልጇ አላስካ ወልዳለች። ኮራሊ የልጅ ልጇን እስካሁን አላቀፈቻትም፤ ከኔ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ በስክሪን ታያታለች። ሕፃኗ ፊቷን ስታስጠጋ እሷም ታስጠጋለች። ከዚያ መነጽሯን ጠርጋ ወደ መጻሕፍቱ ትሄዳለች።

ኖላዊትን ያመስግኑልኝ። በሩን አይዝጉብኝ፤ ግን ገና አልገባም።

ልጅዎ ናፊሳ


ሊንውድ፣ ማርች 8 ቀን 2025

ለልጄ ለናፊሳ፣

ረመዳን ከሪም። ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ብቻሽን ታፈጥሪያለሽ ብዬ ስብሰለሰል፣ ሴትዮዋ ሰዓቱን ከካላንደር ላይ አይታ ሾርባ እንደምታሞቅልሽ በኋላ በላክሽው ወረቀት ጻፍሽልኝ። አላህ ይስጣት። ከዚህ ጋር የላክሁት ተምር ለሁለታችሁ ነው። ፍሬው ውስጥ ድንጋይ የመሰለ ነገር እንዳለ ንገሪያት፤ ጥርሷን እንዳልሰብርባት።

ደብዳቤሽን ለዘመድኩን አነበብኩለት። "ሰው እንዴት ላይብረሪ ይዘጋ ብሎ ድምፅ ይሰጣል?" ብሎ ተገረመ። እኔም ገርሞኛል። ሾርላይን ስንኖር ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ከሆቴሉ ሥራ ወጥቼ አንቺን ላይብረሪ እወስድ ነበር። አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ እተኛለሁ። እዚያ የምትሠራ ሴት ነበረች፤ አንድ ቀን እንኳ ቀስቅሳኝ አታውቅም። ሊዘጋ ሲል ብቻ መጥታ ትከሻዬን መታ መታ ታደርገኝ ነበር። እዚህ አገር ገብቼ "ምን ልትገዛ ነው?" ያልተባልኩበት ብቸኛ ቤት እሱ ነው። ባለሱቅ ሆኜ ይህን መናገር አያምርብኝም፤ ግን እውነት ነው።

ለማሸነፍ ምን እያደረግሽ ነው? የአውራጃው ሠራተኛ ሆነሽ ሰው መቀስቀስ ይፈቀድልሻል? ብቻ ከሥራሽ እንዳትባረሪ ተጠንቀቂ። ብቻሽንም ሰው ቤት አትሂጂ።

አባትሽ ሳሊሕ


ኬለር ፎርክ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 2025

ለተከበሩ አባቴ፣

ዒድ ሙባረክ። ዘግይቶም ቢሆን ይድረስዎ። ሶላቱን ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ሰገድኩ። ከዚያ ወርጄ ኮራሊን ዛሬ በዓላችን ነው ስላት፣ "ምነው ትናንት አትነግሪኝም!" ብላ ተቆጣችና የሠርጓን ሳህኖች ከቁም ሳጥን አወጣች። ተምሩን ወድዳዋለች። ፍሬውን ምን ላድርገው ብላ አፈር ውስጥ ተክላዋለች፤ በዚህ ዝናብ ምን እንደሚሆን እንጃ።

ስለ ጠየቁኝ ነገር፦ በሥራ ሰዓት ስለ ድምፁ መናገር አይፈቀድልኝም። ከሥራ ውጭ ግን እንደማንኛውም ሰው ነኝ። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ቤት ለቤት ሄድኩ። አዎ፣ ብቻዬን። አዎ፣ በሒጃቤ። አይደንግጡ፤ ውሻ እንጂ ሰው አልጮኸብኝም። አብዛኛው ሰው ግቢ ይለኝና የኩኪ ሳህን ያቀርብልኛል፤ የሚመርጠውን ግን አይናገርም።

አንድ ጡረታ የወጣ ዛፍ ቆራጭ ብቻ ፊት ለፊት ነገረኝ። በረንዳው ላይ ቆሞ፣ "አንቺን እወድሻለሁ። ያመጣሽልኝንም መጽሐፍ ሁሉ አንብቤያለሁ" አለኝ። "ግን አይሆንም ነው የምለው።"

"ለምን?" አልኩት።

"ጫካውን ዘጉብን። ፋብሪካውን ዘጉብን። አሁን ደግሞ የቀረውን እናንተው ክፈሉ ይሉናል። አንድ ጊዜ እንኳ አይሆንም ማለት አለብኝ።"

አመስግኜው ወጣሁ።

ኮራሊን ትደግፍሽ እንደሆነ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ ወይ ይሉኝ ይሆናል። አልጠየቅኋትም። ምን ይጠየቃል? ከኔ በላይ ላይብረሪው የሷ ነው።

ልጅዎ ናፊሳ


ኬለር ፎርክ፣ ኤፕሪል 28 ቀን 2025

አባ፣

ወድቋል። ልዩነቱ አንድ የሰርግ ጠረጴዛ የማይሞላ ሰው ነው። ጁን መጨረሻ ላይ እንዘጋለን።

ደህና ነኝ፤ ይህን ወረቀት ላይ ነው የጻፍኩት። ኮል አያድርጉልኝ፤ ድምፅዎን ከሰማሁ አለቅሳለሁ። አይምጡም። ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

ናፊሳ


ሊንውድ፣ ሜይ 4 ቀን 2025

ለልጄ፣

አይምጡ ስላልሽ አልመጣሁም። ማለቴ፣ እስከ መጨረሻው አልመጣሁም። ሐሙስ ዕለት ዘመድኩንን ሱቁን ጠብቅልኝ ብዬ ተነሣሁ። ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው መንገድ ጋ ስደርስ ስልኬ መሥራት አቆመ። እዚያ ያለ ነዳጅ ማደያ ገብቼ ፓርክ አደረግሁና ወረቀትሽን እንደገና አነበብኩት። "አይምጡም" ይላል። ልጄ ትልቅ ሰው ሆና አይሆንም ካለች አይሆንም ነው ብዬ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። ሻዩ ውኃ ነበር።

አዘንኩ፣ ናፊሳ። እናትሽ ብትኖር የምትለውን ታውቅ ነበር። እኔ አላውቅም። ሲያሰኝሽ ጻፊ፤ ካላሰኘሽም ባዶ ወረቀት አጥፈሽ ላኪልኝ፣ መኖርሽን አውቅበታለሁ።

አባትሽ


ኬለር ፎርክ፣ ሜይ 18 ቀን 2025

ለተከበሩ አባቴ፣

እስከ ነዳጅ ማደያው መምጣትዎን ሳነብ ሳቅሁም አለቀስኩም። አላህ እርስዎን ይጠብቅልኝ። ዝምታዬ ረዘመ፤ ይቅርታ። የሆነውን ስነግርዎ ምክንያቱ ይገባዎታል።

ውጤቱ በተሰማ በሳምንቱ ኮራሊ ወጥ ቤት ድንች ትልጥ ነበር። እኔ የአውራጃውን ሰዎች ስወቅስ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ስጠረጥር፣ እሷ እየላጠች ታዳምጠኛለች። በመሃል ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"ናፊሳ፣ እኔም አይሆንም ብያለሁ።"

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

"አይሆንም የሚለው ላይ ነው ምልክት ያደረግሁት" አለች ደግማ። "ፖስታውን እስከ መጨረሻው ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ከዚያ ላክሁት።"

"አንቺ? በየቀኑ የምትመጪው አንቺ?"

"ፋብሪካው ሲዘጋ የሮይ ጡረታም አብሮ ነው የሄደው። ግብሩ ከዚህ ካለፈ ቤቱን እሸጣለሁ። የሚገዛው ደግሞ ለቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚመጣ የከተማ ሰው ነው። ከዚህ መንገድ ላይ ያሉትን ቤቶች እያቸው፤ መብራት የሚበራባቸው ስንቱ ናቸው?"

"የልጅ ልጅሽስ?" አልኳት። ክፉ ጥያቄ ነበር። እያወቅሁ ነው የጠየቅኋት።

"አውቃለሁ" ብቻ አለች። ቢላዋዋንም አላነሣችም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን አንነጋገርም። እራቴን ክፍሌ ወስጄ እበላለሁ። እሷም ላይብረሪ መምጣት አቆመች። ቀኑን ሙሉ መጻሕፍት በካርቶን እሞላለሁ። ሌሎቹን ይቅር ማለት አልከበደኝም፣ አባ። እሷን ግን አልቻልኩም። የሾርባውን ሳህን፣ የሠርጉን ሳህን ሳስብ ይባስ ብሎ ይነደኛል። ምን ላድርግ?

የቤልቪው ሥራ እስካሁን አለ?

ናፊሳ


ሊንውድ፣ ሜይ 25 ቀን 2025

ለልጄ ለናፊሳ፣

ሥራው አለ። ኖላዊት እስከ ጁን አጋማሽ መልስ ይፈልጋሉ ብላለች። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት፣ ሥራውን መደራደሪያ አድርጎ መከረኝ እንዳትይ ነው። የፈለግሽውን ምረጪ።

አሁን ስለ ሴትዮዋ። ደብዳቤሽን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ለዘመድኩንም አላነበብኩለትም። እኔ የማልረዳው አንድ ነገር ነው። ድምፁ በምሥጢር አይደለም እንዴ? ፖስታው ከታሸገ ወዲያ ማን ያውቅባት ነበር? አብራሽ ጎረቤቱን ብትወቅስ፣ እንባሽን ብትጠርግልሽ፣ ኬክ ብትጋግርልሽ፣ እስከ ዛሬ እናቴ ትያት ነበር። ታዲያ ማን አስገድዷት ነገረችሽ?

እኔን የተዉኝ ደንበኞች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስልክ የሚያወሩ መስለው ያልፋሉ። እኔም የማላውቃቸው መስዬ አልፋለሁ። አንድ እንኳ ገብቶ፣ "ሳሊሕ፣ ሌላ ቦታ ይረክስልኛልና ትቼሃለሁ" ያለኝ የለም። አንድ ሰው እንዲህ ቢለኝ ኖሮ ሻይ እጋብዘው ነበር፤ በሚቀጥለው ጊዜም ሰላም እንባባል ነበር።

አልተጎዳሽም አልልሽም። ተጎድተሻል። ግን ፋብሪካውን የዘጋው፣ ጫካውን የዘጋው፣ ጡረታዋን የበላው ስምና ፊት የለውም። ስምና ፊት ያላት እሷ ስለሆነች ብቻ የሁሉንም ዕዳ በሷ ትከሻ አትጫኚ። ይቅር በያት ብዬ አላዝሽም፤ ይቅርታ በትእዛዝ አይሆንም። ብቻ እራትሽን ከክፍልሽ አውጪው። የተቆጣ ሰውም ከሰው ጋር ይበላል።

አባትሽ ሳሊሕ


ኬለር ፎርክ፣ ጁላይ 3 ቀን 2025

ለተከበሩ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? አረፋን ከነዘመድኩን ጋር እንዳሳለፉ ጽፈውልኛል፤ ክርስቲያኑ ከሁሉ በላይ በላ ያሉት አስቆኛል።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት ማታ ሳህኔን ይዤ ወረድኩ። ኮራሊ ቀና ብላ አየችኝ። "አሁንም ተናድጃለሁ" አልኳት። "እሱማ ይገባሻል" አለችና ወንበሩ ላይ የነበረውን ልብስ አነሣችልኝ። በላን። ያን ዕለት ሌላ ነገር አልተባባልንም። በማግስቱም ወረድኩ። አንድ ቀን "ነገ ላይብረሪ ነይ፣ ሕፃኗ ትናፍቅሻለች" አልኳት። መጣች።

የመጨረሻው ቀን ያሰብኩትን አይመስልም ነበር። ለቅሶ ይሆናል ብዬ ነበር፤ እንደ ገበያ ሆነ። ሰው የወሰደውን መጽሐፍ ይዞ ይመጣል፣ ይመልሳል፣ ግን አይወጣም። ያ ዛፍ ቆራጭ ሽማግሌም መጣ። ኮፍያውን እያሻሸ ካርቶን ወደ መኪናው ተሸከመልኝ። ድምፁን አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም። ሲጨርስ፣ "ቀጥሎ ምን ላንብብ?" አለኝ። ከታሸገው ካርቶን ፈትቼ አንድ ሰጠሁት። "መቼ ልመልሰው?" ሲለኝ በልማድ የቀን ማህተሙን ፈለግሁ፤ ታሽጓል።

ኮራሊ ልጇ ጋ ስትደውል ሕፃኗ ተኝታ ነበር። እናትየው ልትቀሰቅሳት ስትል፣ "ተዪያት፣ ተዪያት፣ እንዳለች አሳዪኝ" አለች። ወንበሯን አስጠግታ እስክዘጋ ድረስ የተኛች ሕፃን አየች። ሰዓቱ ሲደርስ ተነሣሁ። እርስዎ የጻፉልኝን የሾርላይኗን ሴት አሰብኩና ትከሻዋን ነካ አደረግኋት።

አሁን የሚያስቆጣዎትን ልንገርዎ። አውራጃው ለተዘጉት ሸለቆዎች ሁሉ መጻሕፍት ጭኖ የሚዞር አንድ ቫን ገዝቷል። የሚነዳ ሰው ፈለጉ። ደመወዙ ከቀድሞው ያንሳል። ወደ ኬለር ፎርክ በየሁለት ሳምንቱ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የሚመጣው። ላይብረሪ አይደለም፤ ላይብረሪ ነው ብዬ ራሴን አላታልልም። ኢንተርኔት እንኳ የለውም፤ ኮራሊ ሕፃኗን ለማየት አብራኝ ተሳፍራ እስከሚቀጥለው ከተማ ትወርዳለች። ግን እሺ ብያለሁ። ለኖላዊት በክብር ጽፌላታለሁ። ለእርስዎ መጨረሻ የነገርኩት ስለ ፈራሁ ነው።

ልጅዎ ናፊሳ


ሊንውድ፣ ኦገስት 3 ቀን 2025

ለልጄ ለናፊሳ፣

አሰላሙ አለይኪ። ከአንቺ ዘንድ ተመልሼ በሰላም ቤቴ ገብቻለሁ። የወንዙን መንገድ ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት፤ አታስቢ። ከተመለስኩ ወዲህ ቁርሴን ብቻዬን ስበላ ትንሽ ከበደኝ፤ ሶስት ቀን አብሮ መብላት ቶሎ ይለመዳል ለካ።

ለምን እንደመጣሁ ጠይቀሽኝ "ለዚያራ፣ ልጠይቅሽ ነው" አልኩሽ። ልወስድሽ ነበር የመጣሁት። የመኪናውን ኋላ ለዕቃሽ ባዶ አድርጌው ነው የተነሣሁት። ቃሉን አዘጋጅቼ፣ መንገድ ላይ ለራሴ እየደጋገምኩ። ቅዳሜ ቫኑን ይዘሽ ስትወጪ፣ ማታ ስትመለሺ እነግራታለሁ ብዬ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ኮራሊም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እንግሊዝኛዬ የሱቅ እንግሊዝኛ ነው፤ እሷም ቀስ ብላ ትናገራለች፤ ተግባባን።

ከበረንዳው ሥር በሸራ የተሸፈነ ጣውላ ነበር። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። የላይብረሪው መደርደሪያ ነው፣ አውራጃው ይጣል ብሎት አስመጥቼው ነው አለችኝ። ሸራውን ገለጥ አደረግሁት። ናፊሳ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መደርደሪያ ሥር ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም። "ማን ሠራው?" አልኳት።

"ሮይ" አለች። "ላይብረሪው ሲከፈት ጣውላውን ከፋብሪካው ራሱ መርጦ፣ ራሱ ሰንጥቆ፣ እዚሁ ግቢ ልጎ ነው የሰጣቸው።"

ባሏ መደርደሪያውን የሠራለትን ቤት ነው እንዲዘጋ የመረጠችው። "ለልጄ ነግረሻታል?" አልኳት።

"አልነገርኳትም። እዘኑልኝ ማለት ይሆንብኛል።"

"ድምፁ እንደገና ቢመጣስ?" ብዬ ደፈርኩ።

ሸራውን መልሳ ሸፈነችው። "ቤቱን የማያሳጣኝ ከሆነ እሺ። የሚያሳጣኝ ከሆነ እንደገና አይሆንም። እንደገናም እነግራታለሁ።"

ወደድኳት። ልወስድሽ ያዘጋጀሁትን ንግግር ያኔ ነው የተውኩት። ማታ ስትመለሺ ሰው መንገድ ላይ እንዳቆመሽ፣ ሽማግሌው ስለ መጽሐፉ እንደተከራከረሽ እየሳቅሽ ስትነግሪን፣ አፌን ይዤ አዳመጥኩሽ።

ስለ መደርደሪያው ለናፊሳ አትንገራት አላለችኝም፤ ስለዚህ ነገርኩሽ። አውቀሽ እንዳላወቅሽ ሁኚ፣ ወይም ጠይቂያት፤ እሱ የሁለታችሁ ነው።

እሑድ ጧት ስነሣ ኮራሊ ከመደርደሪያዎቹ አንዱን ካልወሰድክ አለችኝ። እምቢ ብል ልታዝን ሆነ። አንቺ ገና ተኝተሽ ስለነበር አላየሽም፤ እኔና እሷ ተጋግዘን ጫንነው። ጉልበቴን ለሁለት ቀን አሳመመኝ። ዘመድኩን ሱቁ በር ላይ ጠበቀኝ። መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየና፣ "ልጅህን ልታመጣ ሄደህ ጣውላ ጭነህ መጣህ?" አለኝ።

"ልጄ ሥራ ላይ ናት" አልኩትና በአንድ በኩል እንዲይዝልኝ ጠየቅሁት።

አባትሽ ሳሊሕ